ጎግል ማመልከቻ አይቀበልም

ዝናቡ ባይገፋቸው ኖሮ አቶ ሶርሳ የኢንተርኔት ቤት ደጃፍ አይረግጡም ነበር።

አቶ ሶርሳ በሶዶ ከተማ፣ ባለጉዳይ ከሚበዛበት አንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር የጽሕፈት መኪናቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ማመልከቻ ሲጽፉ የሸበቱ ሰው ናቸው። ማመልከቻቸው በርዝመቱ የታወቀ ነው። ጉዳዩ የጠፋች ፍየል ብትሆን እንኳ ፍየሏ ከሁለተኛው ገጽ በፊት አትነሳም፤ አስቀድሞ ሰላምታው፣ ከዚያ የአመልካቹ ትውልድ፣ ከዚያም ፍየሏ ከመጥፋቷ በፊት የነበረው ኑሮ ይተረካል። ባለጉዳዮቹ ሲነበብላቸው እንባቸው ይመጣል። የሚያነበው ሹም ምን እንደሚመጣበት የጠየቀ የለም።

ያን ቀን ከዳሞታ ተራራ የወረደው ዝናብ ወረቀታቸውን ሊወስድ ሲል መኪናዋን በኮታቸው ሸፍነው ወደ ባለሱቁ አብዱልመጂድ በረንዳ ሮጡ። ከሱቁ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል የአብዱልመጂድ ልጅ ፈይሩዝ ኢንተርኔት ቤት ከፍታለች። በኮምፒውተር ተመርቃለች፤ ሥራ እስካገኝ ብላ የጀመረችው ነገር ራሱ ሥራ ሆኖባት ቀርቷል።

“ጋሼ ሶርሳ፣ ይግቡ እንጂ! በር ላይ ቆመው ይረጥባሉ።”

“እዚሁ ይበቃኛል ልጄ። መኪናዬ ከአንቺ መኪኖች ጋር ላትግባባ ትችላለች።”

“የእኔዎቹ ታላቅ ያከብራሉ። ይግቡ።”

ገቡ። ፈይሩዝ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና ፊታቸውን አየች። “ምነው ጋሼ? ቤት ደህና አይደለም?”

አቶ ሶርሳ ለማንም ያልነገሩትን ለዚች ልጅ ነገሯት። የባለቤታቸው የጥሩነሽ የእንሰት ጓሮ እየሞተ ነው። መካከለኛው ቅጠል ይጠወልጋል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ግንዱ ሲቆረጥ መግል የመሰለ ነገር ያወጣል። በዚያ ጓሮ ነው ቤተሰቡ ዓመት ዓመት የሚሻገረው፤ የእሳቸው የጽሕፈት መኪና ጨውና ጋዝ ከመግዛት አልፋ አታውቅም። ቅዳሜ ጎረቤቶቹ ሴቶች በወይዘሮ ፈጠነች መሪነት ለደቦ ይመጣሉ፤ የታመመውን ቅጠል ከየእንሰቱ ቆርጠው ሊጥሉላት።

“ይድናል ይላሉ?” አለች ፈይሩዝ።

“ፈጠነች ይድናል ትላለች። የእሷ ግን ግማሹ ቀድሞ ደርቋል።”

“ታዲያ እዚህ አንጠይቅም?”

“ከዚህ?” አቶ ሶርሳ ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። “የወንድሜ ልጅ ቤኒ ጠይቆልኛል እኮ። ፈረንጆች እንሰትን በሸክላ ተክለው ሳሎን ሲያስቀምጡ የሚያሳይ ፎቶ ነው ያመጣልኝ። እኔ የምበላው ታሞብኛል፣ እሱ የሚታየውን ያሳየኛል!”

“ቤኒ እንዴት ብሎ ጠየቀ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ። ጥድፍ ጥድፍ ብሎ ነዋ። የዛሬ ልጅ ሰላም ብሎ ይጠይቃል? እኔ ልንገርሽና ጻፊ፤ አጠያየቅ የሚችል ሰው ቢጠይቀው ምናልባት ይመልስ ይሆናል።”

ፈይሩዝ ከንፈሯን ነክሳ ጣቶቿን አዘጋጀች። አቶ ሶርሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ለተከበሩ ጎግል። ባሉበት። ጉዳዩ፦ የእንሰት መታመምን ይመለከታል። ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እኔ አመልካች በወላይታ ዞን ተወልጄ ያደግሁ፣ ባለትዳርና የልጆች አባት…”

ጻፈችው፤ አንዲት ቃል አላስቀረችም። ሲልኩት ማሽኑ ጥቂት አሰበና አንድ አዋጅ፣ አንድ የስብከት ጽሑፍና አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው ለፍቅረኛው የጻፈውን ደብዳቤ አወጣ።

“ስለ እንሰት ምን ይላል?” አሉ አቶ ሶርሳ።

“ምንም። ደብዳቤ ጸሐፊውን ግን ልጅቷ ጥላዋለች።”

“አላልኩሽም? አክብሬ ጠየቅሁት፣ አላከበረኝም።”

“ጋሼ፣ እሱ ክብር አያውቅም። የሚያውቀው ቃል ነው። ‘የተከበሩ’ ሲሉት የተከበሩ የሚል ወረቀት ሁሉ ፍለጋ ይሄዳል። ‘ባለትዳር’ ሲሉት ባለትዳሩን ሁሉ ይሰበስባል። እንሰቷ መሐል ላይ ጠፋችበት።”

“እና ሰው ቤት ገብቶ፣ ሳሮ ብሎ ሰላም ሳይል፣ ‘ቢላዋ አምጪ’ ይባላል? ነውር አይደለም?”

“ሰው ቤት ነውር ነው። ይሄ ግን ሰው ቤት አይደለም፤ መጋዘን ነው። መጋዘን ውስጥ ሰላም ቢሉ ሰላም የሚሉት ምስጦቹን ነው።”

አቶ ሶርሳ ሊስቁ ነበር፤ በሽምግልናቸው ያዙት። ፈይሩዝ ሁሉን አጥፍታ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ብቻ ጻፈች፤ እንሰትና በሽታ። ስለ እንሰት የተጻፈው አብዛኛው በዚያ ቋንቋ ስለሆነ በዚያ መጠየቅ እንደሚሻል ነገረቻቸው። ገጹ ሲከፈት ከላይ ያቺው በሸክላ ያለች እንሰት ለሽያጭ ቀርባ ቆማለች።

አቶ ሶርሳ መኪናቸውን አንስተው ተነሡ። “ዝናቡም አባርቷል።”

“እንቢ!” አለች ፈይሩዝ። “አይሄዱም! እርስዎ የመጀመሪያው ሹም ‘አይሆንም’ ሲልዎ ማመልከቻዎን ቀደው ይሄዳሉ?”

“እኔ? እኔ ሶርሳ? ይግባኝ እላለሁ እንጂ! እስከ ክልል ድረስ ያስኬድኩት ማመልከቻ አለ።”

“በሉ እንግዲህ። ይሄም ይግባኝ አለው። ፊት የወጣ ሁሉ ፍርድ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚነካካው ነገር ነው ፊት የሚወጣው። ሰዉ በሸክላ ያለችውን ወዷል፤ ይውደድ! እኛ ምን አገባን? አንቀበልም፣ ጨረስን።”

ይህ አነጋገር ለአቶ ሶርሳ ጆሮ አዲስ አልነበረም፤ የራሳቸው ነበር። መኪናዋን መልሰው አስቀመጡ። ሰው በለመደበት ቋንቋ ሲከራከሩት መረታቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ፈይሩዝ ከቃሎቹ ቀጥላ የመቀነስ ምልክት አደረገችና፣ ክፍተት ሳትተው፣ ‘የጌጥ ተክል’ የሚለውን ቃል አስከተለች። “ይሄ ምልክት ‘ይህ ያለበትን አታምጣብኝ’ ማለት ነው።” ሸክላዎቹ በአንድ ጊዜ ጠፉ። ቀጥሎ የሙዝ በሽታ መጣ። ልትቀጣው ብላ ሙዝንም ቀነሰችው፤ ያን ጊዜ ገጹ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

“ይሄ ምን ሆነ?”

ፈይሩዝ አንገቷን አከከች። “አበዛሁት። ፈረንጆቹ እንሰትን ‘ሐሰተኛ ሙዝ’ ነው የሚሉት። ሙዝን ስቀንስ እንሰትም አብሮ ሄደ። ስንቀንስ የምንፈልገውን አብረን እንዳንጥል ማየት አለብን።”

አቶ ሶርሳ የሰሙት ግን ሌላውን ነው። “ሐሰተኛ? ኡታ ሐሰተኛ?” ቁጣ ሲመጣባቸው እንሰትን በእናታቸው ቋንቋ ነው የሚጠሩት። “አያት ቅድመ አያቴ የበላው ሐሰተኛ ሆኖ፣ ትናንት ከቆላ በመኪና የመጣው ሙዝ እውነተኛ ሊሆን? አድራሻቸውን ስጪኝ! እጽፍላቸዋለሁ!”

“ይጻፉላቸው። አሁን ግን የወይዘሮ ጥሩነሽን ጓሮ እናድን።”

ሙዝን መለሰችው። ከወጡት ጽሑፎች አንዱን ከፍታ አንድ ሐረግ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ ባክቴሪያል ዊልት። “ይኸውልዎ፣ ባለሙያዎቹ የሚጠሩበት ስም ይሄ ነው። እኛ ‘በሽታ’ ስንል እነሱ በዚህ ነው የሚጽፉት። መልሱ ላይ ይኖራል የሚሉትን ቃል ይጻፉ እንጂ ጥያቄዎን አይጻፉ።” ሁለቱን ቃል በትምህርተ ጥቅስ አጠረቻቸው። “እንዲህ ከታሰሩ አይለያዩም፤ ተጎራብተው ካልተገኙ አያመጣቸውም።”

ልትልከው ስትል መብራት ጠፋ።

ፈይሩዝ አዘነች። “ይሂዱ ጋሼ፣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።”

“አልሄድም” አሉ አቶ ሶርሳ። “ይግባኝ ብያለሁ።” በረንዳው ላይ ተቀምጠው ባለጉዳዮቻቸው ከሩቅ ሲጠሯቸው እጃቸውን እያወዛወዙ መለሷቸው። አብዱልመጂድ ከሱቁ ብቅ ብሎ፣ “አቶ ሶርሳ፣ ልጄ ጋ ሥራ ገቡ እንዴ?” አላቸው። “ክስ ላይ ነኝ” አሉት።

መብራቱ ሲመለስ ፈይሩዝ ጠየቀቻቸው። “እርስዎ የመሬት ክርክር ለጤና ቢሮ ይጽፋሉ?”

“ምን ማለትሽ ነው! ጉዳዩ ወደሚመለከተው ነዋ። ግማሹ ሙያዬ እሱ ነው።”

“እዚህም እንደዚያው ነው።” ‘ሳይት’ የሚለውን ቃል ጽፋ ሁለት ነጥብ አደረገች፤ ከጎኑም የኢትዮጵያ ድረ ገጾች የሚያልቁበትን ‘ኢቲ’ን። “አሁን ከአገር ቤት ገጾች ውጪ አታምጣ አልነው። እንሰት ተክለው፣ አሳምመው፣ ያዩ ሰዎች የጻፉትን። ‘ፋይልታይፕ’ ብዬ ደግሞ ‘ፒዲኤፍ’ ስለው፣ ወሬውን ትቶ እንደ መጽሐፍ የተዘጋጀ ጥናት ብቻ ያመጣል።”

ጥቂት ጽሑፎች መጡ። አንደኛው ከአንድ የምርምር ጣቢያ የወጣ ረጅም ጥናት ነበር፤ ርዝመቱን ሲያዩ አቶ ሶርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኑን በአክብሮት ተመለከቱት። ፈይሩዝ ግን ሁሉን አላነበበችም፤ ኮንትሮልና ኤፍን ተጭና ‘መተላለፍ’ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽሑፉ ውስጥ ፈለገች። በየቦታው እየዘለለ አሳያት። አነበበች፤ ከዚያ ቀና አለች።

“ጋሼ፣ ቢላዋው ነው።”

“የቱ ቢላዋ?”

“የታመመውን የቆረጡበት ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ይሰጠዋል። መድኃኒት የለውም ይላል። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከብት እንዳይበላው መከልከል፣ ቢላዋውን ከአንዱ ወደ ሌላው ከማለፉ በፊት በእሳት ማለብለብ። ሌላውንም ጥናት ላንብብልዎ፤ በአንድ አንመን።” አነበበችላቸው። ያም የሚለው ይህንኑ ነበር።

በአቶ ሶርሳ ሰፈር ቢላዋ የአንድ ሰው አይደለም። ስለቱ ጥሩ የሆነ ቢላዋ ከጓሮ ጓሮ ይዞራል፤ ‘የለኝም’ ያለች ሴት በሚቀጥለው ደቦ እንሰቷን ብቻዋን ትፍቃለች። የጥሩነሽ ቢላዋ በስለቱ የታወቀ ነው። አሁን ያለው ፈጠነች ቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይዛው ትመጣለች።

“እንግዲህ” አሉ ሲነሡ፣ “ቤቴ ድረስ አብሮኝ የሚሄድ መጥፎ ዜና አገኘሽልኝ።”

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ሶርሳ በአጥራቸው መግቢያ እሳት አንድደው ቆሙ። ጥሩነሽ ከኋላቸው ቆማለች፤ ሌሊቱን ተከራክረው ባይስማሙም እንጨቱን ያመጣችው እሷ ነች። ወይዘሮ ፈጠነች ሴቶቹን አስከትላ ስትደርስ እሳቱን አየች።

“ምንድን ነው አቶ ሶርሳ፣ መስቀል ሳይደርስ ደመራ ለኮሱ?”

“ሳሮ ፈጠነች። ከመግባትሽ በፊት ቢላዋው እዚህ ይገባል። ከእንሰት ወደ እንሰት ሲያልፍም እንደዚያው።”

የፈጠነች ፊት ተለወጠ። “የእኔ እጅ የነካው ይቃጠላል? እኔ ቡዳ ነኝ?”

“አንቺ አይደለሽም። ቢላዋው ነው።”

“ማን አለ?”

“ኮምፒውተር ላይ አነበብን።”

ሴቶቹ ሳቁ። ፈጠነች ግን አልሳቀችም። “ኮምፒውተር ኡታ ተክሎ ያውቃል? የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ የሚነገረን አንሶ፣ ደግሞ ይሄ መጣ?”

“ኮምፒውተሩማ ምንም አያውቅም” አሉ አቶ ሶርሳ፤ “እኔም ያልኩት ይህንን ነበር። የመጀመሪያ መልሱ የሸክላ አበባ ነው። እኛ ግን እንቢ አልነው። የማንፈልገውን ቀነስንበት፣ የባለሙያውን ቃል አስረን ሰጠነው፣ ወደሚመለከተው ላክነው። የተናገሩት እንሰት ተክለው የታመመውን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። አንዱን አላመንም፤ ሁለተኛውም ያንኑ አለ። አንቺ ቀድመሽ ቅጠሉን ቆርጠሻል። ዳነልሽ?”

ይህን ጊዜ ጥሩነሽ ከአቶ ሶርሳ ኋላ ወጣች። ቢላዋውን ከፈጠነች እጅ ወሰደች።

“ፈጠነች፣ ይሄ ቢላዋ የእኔ ነው። የማቃጥለው የእኔን ነው። ነገ ወደ አንቺ ጓሮ ሲመጣ ደግሞ አንቺ አቃጥይው፤ ካላቃጠልሽው የምቀየምሽ እኔ ነኝ።”

“ትቀየሚኛለሽ?”

“አላናግርሽም።”

ፈጠነች እሳቱንም ጥሩነሽንም ተራ በተራ አየች። “ይቃጠላ” አለች በመጨረሻ። “ስለቱ ቢበላሽ ግን የሚስሉት አቶ ሶርሳ ናቸው።”

ያን ቀን ሴቶቹ ቅጠል አልቆረጡም። የታመመውን ከነሥሩ ነቅለው፣ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩ፤ ጥሩነሽ አለቀሰች። ከዚያም በኋላ ጥቂቶች ደርቀዋል፤ አንዴ የገባ ነገር በአንድ ቀን አይወጣም። በሚቀጥለው ዝናብ ግን የተረፉት ለመለሙ፤ ቤቱ ክረምቱን ተሻገረ። በዚያ ሰፈር ቢላዋ ዛሬም ይዞራል፤ ማንም ማንንም አልከለከለም። የሚዞረው ግን በእሳት በኩል ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ይዞ ቢሄድ መልካም ነው። ያ ጥናት የፈጠነች እንሰት ሲደርቅም፣ ቤኒ በሸክላ ያለችውን ሲያሳይም እዚያው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የጎደለው እውቀቱ አልነበረም፤ የመጀመሪያውን መልስ እንቢ ብሎ አጠያየቁን የሚያስተካክል ሰው ነው። በጥቂት ቃል መጠየቅ፣ የማይፈለገውን መቀነስ፣ አብሮ የሚሄደውን ማሰር፣ የሚመለከተውን መለየት፣ ያገኙትንም በሌላ ማመሳከር ለተማረ ብቻ የተሰጠ ጥበብ አይደለም። ማመልከቻ የሚያውቅ አገር ይህን ለመማር ሩቅ አይደለም።

አንድ ጠዋት ወይዘሮ ፈጠነች አቶ ሶርሳ ጠረጴዛ ፊት መጥታ ተቀመጠች። ሌሎቹ ሰፈሮች ቢላዋ አያቃጥሉም፤ ቀበሌው ሁሉ እንዲያቃጥል ማመልከቻ ይጻፍልኝ አለች። አቶ ሶርሳ ወረቀት አስገቡና ጠየቋት።

“በትክክል የምትፈልጊው ምንድን ነው? የማትፈልጊውስ? ማንን ነው የሚመለከተው?”

መለሰች። ጻፉ። ወረቀቱን ሲሰጧት ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነበር።

“ይሄ ብቻ? ትውልዴስ የታል? መከራዬስ?”

“ቀነስኩት።”

“ይቺ ‘ክቡር’ የምትለዋስ ለምን ቀረች?”

“እሷን ተያት” አሉ አቶ ሶርሳ መኪናቸውን እየወለወሉ። “ሹሙ ማሽን አይደለም።”