«ሳልሰማ ተፈረደብኝ»

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ አከራይ ሊያስወጣሽ ሲያስብ እንኳ ሽማግሌ ይልክብሽ ነበር። ሽማግሌው ቁጭ ይላል፣ አንቺም ያለሽን ትናገሪያለሽ፣ እና ተጨቃጭቃችሁ ትታረቃላችሁ። የእኔው ግን የአምና ነው፣ እዚሁ ማርቆስ። ጻፊ እንጂ፣ ሕፃንሽ እንደሆነ ተኝቷል።

እህቴ ሞታ አገሯ ሮብ ገበያ ለቅሶ ሄድኩና አርባዋን አውጥቼ ተመለስኩ። ታዲያ ብመጣ በሬ ላይ የማላውቀው ቁልፍ ተንጠልጥሏል፣ አልጋዬን ግቢ ውስጥ ዝናብ ይመታዋል። አከራዬን አያ ታከለን «ምነው?» ብለው፣

«ፍርድ ቤት ወስኖ ነው፣ እማማ ስመኝ። መጥሪያ ሰጥቼዎት ቀሩ» አለኝ።

«የት ሰጠኸኝ?»

«እዚሁ፣ በእጅዎ።»

«እጄማ ከእኔ ጋር ሮብ ገበያ ነበር» አልኩት።

ክረምት ነው፣ የት ልውደቅ? ጎረቤቴ ዘንድ አደርኩና በነጋታው ፍርድ ቤቱ በር ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰውዬ ጋ ሄድኩ። «ከተፈረደ ወዲያ አለቀልኝ አይደል?» ብለው፣ «አላለቀም፣ እናቴ። በሌሉበት የተሰጠ ውሳኔ ይነሳልኝ፣ ቤቴም ይመለስልኝ ብለው ያመለክታሉ። ግን መፈረዱን ባወቁ በወሩ ውስጥ ነው። ካለፈ እኔም ጃንጥላዬም አናስጥልዎትም» አለኝ። እና ጻፈልኝ፣ «ሳልሰማ ተፈረደብኝ» ብሎ።

ታዲያ ቀኑ ደርሶ ቀረብን። ዳኛው ለጋ ልጅ ነው። አነበበ፣ አነበበና «እናቴ፣ ጆሮዎ ካልሰማ የአከራዩ ጥፋት ምንድን ነው?» አይለኝም መሰለሽ?

አያ ታከለ ብድግ አለ። «እንደሱ ነው፣ ክቡር ዳኛ፤ ጆሯቸው እኮ ከድሮም አይሰማም። በራቸው ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ ጮኼ ነግሬያቸዋለሁ።»

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቅኔ መምህር ነበር። ተማሪውን «አላላኸው! አጥብቀው!» እያለ ሲቆጣ ነው የኖርኩት። እና ምን አልኩ፣ «ጌታዬ፣ ጠበቃ የለኝም፣ እርስዎው ጠበቅ አድርገው ያንብቡልኝ። ሳልሰማ ላልቶ ከተነበበ ጥፋቱ የጆሮዬ ነው፣ ጠብቆ ከተነበበ ግን ቃሌን የሰማልኝ የለም ማለት ነው።»

ዳኛው ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ቀና ሲል ግን ሳቁ ጠፍቶ፣ ወደ አያ ታከለ ዞረ። «መጥሪያውን በእጃቸው ሰጠሁ ብለው ምለዋል። ሰጡ ወይስ ጮኹ?»

«ጮኽኩ» አለ አያ ታከለ። ኧረ በሹክሹክታ ነው ያለው፣ ልጄ፣ እኔ እንኳ ግን ሰማሁት።

ውሳኔው ተነሳ፣ ክርክሩ እንደገና ይሰማ፣ እስከዚያው ቤታቸው ይግቡ ተባለ። አሸነፍኩ አልልሽም፤ ገና መሰማቴ ነው። ኋላ ዳኛው ሁለታችንንም ሰምቶ «ውላቸው እስኪያልቅ ይኑሩ» አለ፣ ይኸው አለሁ።

አያ ታከለማ አሁን ውሃ ሊጠፋ ነው ለማለት እንኳ ወረቀት ይዞ ይመጣል። «መስማትዎን ይፈርሙልኝ፣ እማማ» ይላል።

«ታዲያ ይፈርማሉ?» አልኳቸው እየጻፍኩ።

«እፈርማለሁ እንጂ» አሉ እየሳቁ። «መጀመሪያ ግን ቁጭ ብሎ እኔን ይሰማኛል። የጣራዬን፣ የበሬን፣ የአጥሩን። ሲመሽበት ነው የምፈርምለት።»