የምራቴ ባት

ምራቴ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ሳለ ባቷን ይዟት እንደ እንጨት ደረቀና ጮኸች። ልጄ አረብ አገር ነው፤ ቤት ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ሽባ ልትሆንብኝ ነው ብዬ ሰቆጣ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ነርሷ ደሟን አስመርምራ፣ «አባቴ፣ አይስጉ። በደሟ የጎደለ ማዕድን የለም፤ ጽንሱም ደህና ነው። በመጨረሻው ወር እንዲህ ጡንቻ ይሸማቀቃል። ሲይዛት የእግሯን ጣቶች ወደ ጉልበቷ ገፋ ያድርጉላት» አለችኝ።

«ኧረ እኔ አማቷ ነኝ! እግሯን እንዴት እነካለሁ?»

«ታዲያ ባሏ ከአረብ አገር ሆኖ ይግፋላት?» ብላ ሳቀች።

እፎይ ብዬ ይዣት ተመለስኩ። አሁን ሲይዛት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና እግሯን ትዘረጋለች። እኔም ፍየሎቼን እያየሁ እገፋለሁ። «ለቀቀኝ፣ አባባ» ስትል ሁለታችንም ምንም እንዳልተደረገ እንሆናለን።