ኮሪደር ላይ ያልኳት

— ሄሎ?… ማን ልበል?… ውይ፣ ዐቃቤ ሕጉ! ምነው ድምፅህ ጠፋ!… እትዬ እትዬ እያልክ አታቆላምጠኝ፤ ጉዳይ ቢኖርህ ነው።

— ስለ እሷ?… እንዴት አላውቃት! ፊት ለፊቴ አይደል የምትቀመጠው። ቢሮው ሁሉ "ማሯ" ነው የሚላት። እሷ ማር ከሆነች እኔ እሬት ነኛ!

— አልቀናሁም!… እሺ፣ ቀንቻለሁ። ይኸው፣ ደስ ይበልህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጎዱ ሕፃናትን ቃል ስቀበል፣ ምንጣፍ ላይ ስቀመጥ ስነሣ ጉልበቴ አለቀ። እሷ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። ለኔ ሁለት ቀን ሙሉ አፏን ዘግታ የዋለች የሰባት ዓመት ልጅ፣ ለሷ በሃያ ደቂቃ ሁሉን ዝርግፍ! እኔ ከክፍሉ መስታወት ኋላ ቆሜ አያለሁ።

— ቆይ አንዴ… አንቺ፣ በሩን ዝጊልኝ እስቲ! አይ፣ ቁልፉ እኔ ጋ የለም!… እሷው ናት። ሳቋ ራሱ ያናድደኛል።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?… እህ… የተከሳሹ እንጀራ አባት ጠበቃ ምን አለ?… ያቺን የሰባት ዓመት ልጅ ማሯ አስጠንታት ነው አለ? ልጅቷ ትልቅ ሰው ያላትን ነው የምትደግመው?… ዳኛው ካመኑትስ?… እንጀራ አባቷ ጋ ትመለሳለች?! እዚያው ቤት?

— ኧረ ማሯ ምንም አላስጠናቻትም! ቀረጻውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አልዋሽህም፣ ስህተት ልፈልግባት ብዬ ነው። "ንገሪኝ" እና "ከዚያስ?" ከማለት በቀር ምንም የለባት። ምንም!

— ሌላ ማስረጃ?…

— ቆይ፣ በሩ መዘጋቱን ልይ… እሺ፣ ተዘግቷል።

— እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አትበለኝ! ችሎቱ ነገ ነው ብለኸኝ የለ፣ ምኑ ያድራል?… ስማኝ። ልጅቷን ላስጠናት የሞከርኩት እኔ ነኝ።

— ምን እቀልዳለሁ! ያን ቀን ጠዋት፣ ማሯ ቃሏን ልትቀበላት ስትል፣ ኮሪደር ላይ ቀደምኳት። ልጅቷ ለኔ እንድትነግረኝ ፈለግኩ… ለኔ! ጎንበስ ብዬ "አጎትሽ ነው፣ አይደል?" አልኳት። ልጅ ፊት ስም አይጠራም እያልኩ ሠልጣኙን ሁሉ የማስለቅስ ሴትዮ!

— ስንት ጊዜ ጠየቅኳት?… ሦስት ጊዜ ነዋ። ሦስቴም ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። "አጎቴ አይደለም" አለችኝ፣ ቁርጥ አድርጋ። ገባህ? የተሳሳተ ሰው ጠርቼላት እምቢ አለች! ይቺ ልጅ ያሏትን የምትደግም ናት? ከዚያ ማሯ ጋ ገብታ ማንም ሳይነግራት የእንጀራ አባቷን ስም ጠራች።

— የኮሪደሩ ካሜራ ድምፅ የለውም፤ እኔ ካልተናገርኩ ማንም አያውቅም።… አዎ፣ ችሎት ቆሜ እናገራለሁ።

— አውቃለሁ ሥራዬን እንደማጣ። ቦታዬ ለማን እንደሚሰጥም አውቃለሁ፣ አትንገረኝ!

— ሦስት ሰዓት። እሺ፣ እደርሳለሁ… ቆይ፣ ቆይ፣ አትዝጋው! ልጅቷ እዚያ መጠለያው እንዴት ናት?… ትበላለች?… እሰይ።

— ማሯ መቼ ነው የምትመጣው ትላለች?… በየቀኑ?…

— እኔንስ ትጠይቃለች?…

— እሺ። ይሁን። በል ቻው።