ከልብሰ ተክህኖው ሥር
የማጠናው በጎንደር ነገሥታት ዘመን በጎጃም ስለተሰጡ መሬቶች ነው፤ ስጦታው ተጽፎ የሚገኘው በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን፣ በወንጌል ኅዳግ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ታትሞ የወጣ ጽሑፌን በስጦታ ይዤ፣ የተጠራጠርኳትን አንዲት ቃል ለማረጋገጥ ወደ ደብረ ወርቅ አካባቢ ሄድኩ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁትን አዛውንት ቄስ፣ "አባ፣ ያን ጊዜ ያሳዩኝን ወንጌል አንዴ ደግመው ያሳዩኝ" አልኳቸው።

"ተሰረቀ፣ ልጄ።"

"ሌላስ ምን ወሰዱ?"

"ምንም! በቀጥታ ሦስተኛውን ሣጥን ከፍተው ከልብሰ ተክህኖው ሥር አወጡት። ከእኔና ከአንተ በቀር ማን ያውቅ ነበር?"

እኔ ምንጬን በጥንቃቄ ስጠቅስ የግርጌ ማስታወሻው ላይ ይህንኑ ጽፌዋለሁ፤ ሣጥኑንም፣ ልብሱንም። አማካሪዬ ያደነቀልኝም እሱን ነበር።

"ደግነቱ አንተ ጽፈኸዋል። ታዲያ አላመጣህልንም?" አሉኝ።

"ገና አልታተመም፣ አባ" አልኩና ቦርሳዬን ወደ ጀርባዬ ገፋሁት።