ሳላየው ያወራሁበት ጎል

አዲስ አበባ ውስጥ በኤፍ ኤም ሬዲዮ ስለ ስፖርት እያወራሁ ስሜ ገንኖ ነበር። አንድ ቅዳሜ ዘመድ ልጠይቅ አምቦ ሄጄ ኦቦ ዲንቃን ኳስ ሜዳ አገኘኋቸው። የከተማውን ጨዋታ ለዓመታት በድምፅ ማጉያ ሲያስተላልፉ የኖሩ፣ ማይክ አያያዝ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ዲንቃ! ፕሮግራሜን ይሰማሉ?» አልኳቸው፣ ምስጋና ጠብቄ።

«እሰማለሁ እንጂ። የእኛን በረኛ ‹እጁ ቅቤ ነው› እያልክ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትቀልድበትም ሰምቻለሁ። ለመሆኑ ጎሉን አይተኸዋል?»

«ሰው ነግሮኝ ነው እንጂ... አላየሁትም።»

«እኔ አይቻለሁ። ኳሷ የተከላካዩን ጉልበት ነክታ አቅጣጫ ቀየረች። እኛ ያየነውን ነበር የምንናገረው፤ አንተ ግን ሰው የሚያስቀውን ትናገራለህ። ልጁ ገበያ በወጣ ቁጥር ‹ቅቤው መጣ› ሲሉት ጊዜ ኳስ ተወ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በማግስቱ ፕሮግራሜን በይቅርታ ከፈትኩ፤ የኳሷንም ነገር ልክ እሳቸው እንዳሉት አስረዳሁ። ከዚያ የልጁን ስልክ ቁጥር ከኦቦ ዲንቃ ተቀብዬ ደወልኩለት።

«ይቅርታዬን ሰማኸው?» አልኩት።

ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን በትሕትና መለሰልኝ። «አልሰማሁትም፣ ጋሼ። እርስዎ በእኔ የቀለዱ ቀን እናቴ ሬዲዮኑን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሬዲዮ ተከፍቶ አያውቅም።»