የአቶ ተክለጻድቅ ደጅ ጠኚዎች

ኪዳነ ምሕረት በእሑድ ውላ ስለ ነበር፣ አቶ ተክለጻድቅ እንጦጦ ወጥተው አስቀድሰው ሲመለሱ፣ ባሕር ዛፉን ሰንጥቆ በሚወርደው መንገድ ላይ ዓይኑን እንኳ ማየት ከማይፈልጉት ሰው ጋር ተገጣጠሙ። ፈዬራ ነበር። አቶ ተክለጻድቅ በየካ የአንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሠራተኞች አስተዳደር ሹም ናቸው፤ ፈዬራ ደግሞ ከንግድ ትምህርት ቤት ወጥቶ በቅርቡ የተመደበላቸው ረዳት ነው። ፋብሪካው አዳዲስ የሽመና መኪናዎች ሊያስመጣ አስቧልና ወጪ ይቀነስ ተብሎ ታዟል። አቶ ተክለጻድቅ ከሸማኔዎቹ ይባረር ሲሉ፣ ይህ ትናንት የመጣ ልጅ መቀነስ ያለበትስ የእኛው ክፍል ነው ብሎ ለዲሬክተሩ ተናገረ። ዲሬክተሩም የሹሙን የመጨረሻ ቃል ነገ ጠዋት እሰማለሁ ብለዋል።

ፈዬራ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። «እንደምን አደሩ፣ ጌታዬ?»

«አሁን ደኅንነቴ አሳሰበህ? ገመናዬን ለዲሬክተሩ ስትዘረግፍ አላሳሰበህም።»

«ለእርስዎም ተናግሬ ነበር፤ አልሰሙኝም እንጂ። ፈቃድ የሚጠይቅን ሠራተኛ አንዱ ይቀበለዋል፣ ሌላው ይመዘግበዋል፣ ሌላው ማኅተም ይመታል፣ ሌላው ደግሞ እርስዎ ዘንድ ያስገባዋል። ይህን ሁሉ ጸሐፊ ለማኖር ሸማኔውን ካባረርን ብርድ ልብሱን ማን ሊሠራው ነው? ማኅተሙ?»

«አፍህን ሰብስብ፣ ልጄ። አደራ ተብዬ የቀጠርኳቸው የሰው ልጆች ናቸው። የእኅቴን ልጅ አባይነህን ሜዳ ላይ ልጣለው?»

«ማንም ሜዳ ላይ አይወድቅም። ለጽሕፈቱ ሁለት ሰው ይበቃል። የቀሩት ወደ ፈትል ክፍልና ወደ መጋዘን ይዛወሩ፤ እዚያ ሰው ጠፍቶ የቀን ሠራተኛ እየቀጠርን አይደለም እንዴ? ፈቃዱንም የየክፍሉ አለቃ እዚያው ይስጥ። እኛ ለሚመጡት መኪናዎች ሰው እናሠልጥን። የተቀመጥነው ለዚህ ነው እንጂ በር ልንጠብቅ አይደለም።»

የአቶ ተክለጻድቅ ደም ፈላ። አባታቸው ሹም በነበሩ ጊዜ ሰው ደጃቸውን ሲጠና እያዩ ነው ያደጉት፤ ሹም ማለት ሰው በደጁ የሚቆምለት መስሏቸው ቀረ። ይህ በሽታ የእሳቸው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አንድ ጠረጴዛ ያገኘ ሁሉ፣ ሰው ካላስጠበቀ የተሾመ አይመስለውም። የቆመው ሰው ሥራ እንዳለው፣ ቤት እንዳለው፣ የሚጨነቅለት እንዳለው ማን ልብ ይላል?

«ሰው ደጅ የሚጠናኝ አክብሮኝ ነው» አሉ።

«መኪናውን አቁሞ ነው፣ ጌታዬ።»

ሊቆጡ ሲሉ፣ አቀበቱን የሚወጣ አንድ ሰው ከመንገዱ ገለል ብሎ ጎንበስ አለላቸው። ራሱን ተላጭቷል፤ ጥቁር ለብሷል።

«አንተን ደጄ ላይ አይቼሃለሁ» አሉት። «ሥራ ፈላጊ ነህ?»

«የፋብሪካው ነኝ፣ ጌታዬ። የሽመና መኪናዎቹን የምጠግነው ሂርጳ ነኝ። እናቴ ሱሉልታ ታማብኝ፣ ሐኪም ቤት ላመጣት ፈቃድ ጠይቄ ነበር። አቶ አባይነህ ነገ ና ይሉኛል፤ በማግሥቱም ነገ ና ይሉኛል። አሁን እንኳ ፈቃዱ ይቅርብኝ። ሐሙስ ተቀብራለች አሉኝ።»

«ታዲያ ጥለህ አትሄድም ነበር?»

«ያለ ፈቃድ የሄደ ይባረራል ተብሎ በር ላይ ተለጥፏል። ልጆች አሉኝ፣ ጌታዬ። ዛሬ ለቅሶ ደርሼ ነገ ጠዋት ሥራዬ ላይ እገኛለሁ።»

ማስታወቂያውን ያስለጠፉት ራሳቸው አቶ ተክለጻድቅ ነበሩ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ። ነገ እንዳትመጣ፤ ለቅሶህን ተቀመጥ። ፈቃዱን ሰጥቼሃለሁ።»

ሂርጳ ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። «ማኅተሙንስ የት ላስመታ፣ ጌታዬ?»

«ማኅተሙ ገደል ይግባ» አሉ። የተቆጡት በሂርጳ አልነበረም።

ሰውዬው ሽቅብ ከሄደ በኋላ ሁለቱም ብዙ መንገድ ወረዱ። በመጨረሻ አቶ ተክለጻድቅ «ያንን ያልከውን ነገር ከመጀመሪያው ንገረኝ» አሉት። ፈዬራም በትሕትና ነገራቸው።

በማግሥቱ ዲሬክተሩ ፊት ቀርበው ስለ አዲሱ ሥርዓት የተሟገቱት ራሳቸው ሹሙ ሆኑ። አባይነህ «የሥጋ ዘመድዎን ፈትል ክፍል ይሰዱኛል?» ብሎ ቢያኮርፍ፣ «ዝምድናህን አይቼ ስታገሥህ ነው የሰው እናት ያስቀበርከው» ብለው ወደዚያው ላኩት። ከሸማኔዎቹ አንድም ሰው አልተባረረም። የጸሐፊዎቹ ብዛት ሲቀንስ የቀን ሠራተኛው ወጪ አብሮ ቀረ፤ ፈቃድ ፍለጋ የሚቆም መኪና ጠፋ፤ ደጅ ያስጠኑ የነበሩትም ክር ሲፈትሉ ዋሉ። ለአዲሶቹ መኪናዎች ከሚሠለጥኑት መካከል ሂርጳ መጀመሪያ ተመረጠ።

የእናቱ አርባ ሲደርስ ሂርጳ ወደ አለቃው ሄዶ ፈቃድ ጠየቀ። አለቃው እዚያው መኪናው አጠገብ እንደ ቆሙ ፈቀደለት።

«በቃ? ይኸው ነው?» አለ ሂርጳ።

«ይኸው ነው።»

ሂርጳ የእጁን ዘይት በጨርቅ ሲጠርግ ቆየና፣ «ለተዝካሯ የፈጠነው ለሕመሟ ፈጥኖ ቢሆን ኖሮ» አለ።

አቶ ተክለጻድቅ ከኋላው ቆመው ይሰሙ ነበር።