በጫማ ክፍሉ በር ላይ ስለሆነው ነገር የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ በምርመራ መዝገቡ ሽፋን ላይ የተመለከተው
ዕድሜ፦ 61
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት
ሥራ፦ የተራራ ማረፊያ ቤት ኃላፊ
አድራሻ፦ እዚያው ማረፊያ ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ድርጊቱ በተፈጸመ በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ፖሊስ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝ ወደ ጣቢያው የመጣሁት የሟች ባለቤት ባሏን ገደል ገፍታ ጥላለች ተብላ መታሰሯን ስለሰማሁ ነው። ሟች ሲወድቅ እሷ በአካባቢው አልነበረችም። ይህን እንዴት እንዳወቅሁ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

የማስተዳድረው ቤት በእግርና በብስክሌት ተራራውን የሚያቋርጡ መንገደኞች የሚያድሩበት ነው። የመመገቢያ ክፍል፣ ፎቅ ላይ ተደራራቢ አልጋ ያለው መኝታ ክፍል፣ ከመግቢያው አጠገብ ደግሞ የጫማ ክፍል አለው። እንግዳ ሁሉ ጫማውን እዚያ አውልቆ ሸበጥ ያደርጋል። ጉም ሲወርድ የጫማ ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን ወገቤ ላይ አስራለሁ፤ ጉሙ እስኪነሣ ማንም አይወጣም። ውጭ የቀረ ሰው ካለም በድምፁ ቤቱን እንዲያገኝ በር ላይ ያለውን ደወል እደውላለሁ። ይህን ደንብ ያወጣሁት ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ነው። በጉም ሲወጣ ጫማውን ያቀበልኩት እኔ ነበርኩ።

በዕለቱ ሦስት እንግዶች ነበሩኝ። አንዱ በየዓመቱ በእግሩ የሚመጣ ሽማግሌ የጥርስ ሐኪም ነው። ሁለቱ ሟችና ባለቤቱ ሲሆኑ በብስክሌት ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ደረሱ። ሟች ተጫዋች ሰው ነበር። እኔን ማዘር፣ ሐኪሙን ዶክተርዬ እያለ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ጥርሱን በነፃ እንዲያይለት ሐኪሙን ሲጠይቀው፣ ሐኪሙ አፍህን መቼ ዘግተህ፣ ከገባህ ጀምሮ እያየሁልህ አይደል ወይ አለው። እኔም ስቄያለሁ። ሚስቱ ፈገግ ትልና ቶሎ ወደ እሱ ታያለች። ውሃ እንኳ የምትጠጣው እሱ ጠጥቶ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ነበር። ያኔ እንደ አክብሮት ነው የቆጠርኩት።

ወደ 9 ሰዓት ላይ ጉሙ ወረደ፤ ክፍሉን ቆለፍኩ። ሟች ፎቅ ላይ ጋደም እንዳለ ባለቤቱ ወደ ወጥ ቤት መጥታ ድንች እየላጥኩ ሳለ አጠገቤ ቆመች።

«እትዬ፣ ጫማዬን ይስጡኝ፤ ልውረድ» አለችኝ።

በዚህ ጉም የት ልትወርጂ ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«ጉሙ ይሻለኛል» አለች።

የባልና ሚስት ኩርፊያ መስሎኝ ቢላዋ ሰጠኋትና ድንቹን አብራኝ እንድትልጥ፣ ነገ ጉሙም ኩርፊያውም እንደሚነሣ ነገርኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። እጅጌዋን ሰብሰብ ስታደርግ ክንዷ በልዞ አየሁ። ከብስክሌት ወድቃ ይሆናል ብዬ ድንቹን መላጥ ቀጠልኩ።

10 ሰዓት ገደማ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ሟች ከቤቱ ጋር ወደተያያዘው መጋዘን ብስክሌቶቹን ሊያይ ወረደ። በኋላ እኔም እንዳየሁት፣ የእሷ ሻንጣ ብቻ ብስክሌቷ ላይ ተጭኖ፣ ተጠፍሮ አገኘው። ሲመለስ የብስክሌቱን መቆለፊያ ሰንሰለት በእጁ ጠቅልሎ ነበር። እየሳቀ ነው የገባው። ፊቷን በሰንሰለቱ መታት። ከነወንበሯ ወደቀች። ሲደግማት በእጇ ስትከላከል የጣቶቿ አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ሐኪሙ ተነሥቶ ክንዱን ሲይዘው፣ ሰንሰለት የጠቀለለበትን ቡጢ አፉ ላይ አሳረፈበት። ዕድሜውን የሰው ጥርስ ሲነቅል የኖረ ሰው የራሱን ጥርስ ከወለሉ ሲለቅም አየሁት።

እሷ ተነሥታ ወደ ጫማ ክፍሉ ሮጠች። የቆለፍኩትን በር አንዴ ሳበችው። ከዚያ ተወችውና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ወደ እኔ አየች። እዚያው በሩ ላይ ደረሰባት። ፀጉሯን ይዞ ጭንቅላቷን ከሳንቃው ጋር ሲያጋጨው ቁልፉ ወገቤ ላይ ነበር። እዚያው መመገቢያ ክፍሉ ምድጃ ላይ የሚፈላውን የሾርባ ድስት አንሥቼ ጀርባው ላይ ደፋሁበት። እየጮኸ ሲሸሽ በሩን ከፍቼ፣ እሷን ጎትቼ አስገባሁና ከውስጥ ቆለፍኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከምድጃው አጠገብ የነበረውን መጥረቢያ ይዞ በሩን መፍለጥ ጀመረ። «ማዘር፣ የባልና ሚስት ነገር ነው፤ ክፈቺ እንጂ» ይላል። ድምፁ አሁንም የጨዋታ ነበር። እሷ ጣቶቿ አልታዘዝ ስላሏት ጫማዋን እኔ አደረግሁላት፤ ክሩንም አሰርኩላት። ክፍሉ ለአየር የተተወ ጠባብ መስኮት አለው። ከሥሩ እስከ ድልድዩ የሚወርድ የድንጋይ አጥር አለ። አጥሩን እየዳበሰች እንድትወርድ፣ ድልድዩን ስትሻገር እዚያ የተንጠለጠለውን ብረት በድንጋይ እንድትመታው ነገርኳት። ወደ ታች የሚወርዱ እንግዶች በደህና መሻገራቸውን የሚያሳውቁኝ በዚያ ነው። አብረን እንሂድ ብላ እጄን ያዘች። ይህ ወገብ በዚያ መስኮት አያልፍም አልኳትና ገፍቼ አሳለፍኳት።

ብረቱ ሲመታ ሟች ገና በሩን እየፈለጠ ነበር። ምን እንደሆነ ስለማያውቅ አላቋረጠም። ሐኪሙ ግን ሰምቶታል፤ ይጠየቅ። ድልድዩ ከቤቱ በስተቀኝ ታች ነው። ሟች የተገኘበት ገደል በስተግራ፣ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ነው። ስለዚህ ሟች ከቤት ሳይወጣ እሷ ድልድዩን ተሻግራለች።

በሩ ሲሰበር መስኮቱ ፊት ቆሜ ነበር። በመጥረቢያው እጀታ መትቶ ቀኝ ክንዴን ሰበረው። መስኮቱ ለእሱም ስለማይሆን መጥረቢያውን ጥሎ ወደ ውጭ በር ሮጠ። ጫማው መደርደሪያው ላይ፣ ዐይኑ ሥር ነበር፤ ለማጥለቅ አልታገሠም። በሸበጥ ወጣ። ተከትዬው እስከ በሩ ሄድኩ። መጀመሪያ ስሟን እየጠራ ሲሳደብ፣ ቀጥሎ ሲያባብላት ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ እኔን ጠራ።

«ማዘር፣ ቤቱ በየት ነው?»

ደግሞም ጠራኝ። ከዚያ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ።

ቃሌ ተጽፎ ሲያበቃ መርማሪው ሊያነብልኝ ነበር፤ ራሴ አነባለሁ ብዬ ተቀበልኩት። ማንበብ የለመድኩት እንግዶች ጥለዋቸው ከሚሄዱት መጻሕፍት ነው። መርማሪው በመጨረሻው ላይ «ክንዴ በመሰበሩ ደወሉን ለመደወል አልቻልኩም» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። እኔ እንዲህ አላልኩም። ለእኔ አዝኖ መሆኑ ገብቶኛል፤ ነገር ግን እንዲሰረዝ ጠይቄ ተሰርዟል። ግራ እጄ ደህና ነበር። የደወሉን ገመድም በዚያው እጄ ይዤው ነበር። አልደወልኩም።

የሰጠሁት ቃል ይኸው ነው፤ የምቀንሰው የለኝም። ልጅቷ ትፈታ። ከላይ የሰፈረው ሁሉ፣ ስርዙን ጨምሮ፣ እውነት መሆኑን በዚያው በግራ እጄ ፈርሜ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ (በግራ እጅ) ____________
የታዛቢ ፊርማ ____________
የመርማሪ ፊርማ ____________